አሮጊቷ ኮምፒውተር ከቀይ ከፋይ ሥር

ጓድ ደምሰው አዲሱን ኮምፒውተር የገደለው በአንድ ጣቱ ነው። «ገደለ» የሚለውን ቃል እሱ ራሱ አይቀበለውም፤ በኋላ በተደረገው ስብሰባ ላይ «ለጊዜው ከምርት ግንባር ተለይቷል» ነው ያለው። ገዲሴ ግን እዚያው አጠገቡ ቆማ ስለነበር ያየችውን አይታለች። ጣቱ ማብሪያውን ተጫነ፣ ከማሽኑ ጀርባ ጧ የሚል ድምፅ ወጣ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ደምሰው ጣቱን አንሥቶ አየው፤ ጥፋቱ የጣቱ ይሁን የማሽኑ የሚያጣራ ይመስል ነበር።

ነገሩ የሆነው በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ የሠራተኞች ቀን ሊከበር ጥቂት ሲቀረው፣ ነፋስ ስልክ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በነበረ አንድ የሚስማር ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ሚስማር ያመርታል ይባል ነበር። ዋናው ምርቱ ግን ስብሰባ ነው፤ ሚስማሩ በስብሰባና በስብሰባ መካከል ፋታ ሲገኝ የሚሠራ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነበር። ደምሰው የፋብሪካው የፓርቲ ተጠሪ ነው። ከሱ በፊት ተናግሮ የጨረሰ፣ ከሱ በኋላ ተናግሮ የተሰማ ሰው አልነበረም።

ገዲሴ ሮበሌ የኮምፒውተር ክፍሉ ብቸኛ ሠራተኛ ናት። ክፍል መባሉም ለክብር ነው እንጂ አንዲት ጠባብ ቢሮ ናት። አባቷ ለቡ ውስጥ ጤፍ ያርሳሉ፤ እሷ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ የማሽን ሥልጠና ወስዳ፣ ከጭቃው ወጥታ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ባሏ በንቲ የአሰብ መስመር ሾፌር ስለሆነ ቤቱን የሚያየው እንደ እንግዳ ነው። ሞልቱ የሚባል ገና በአራት እግሩ የሚድህ ልጅ አላቸው። ቤቷ ከፋብሪካው ብዙ ስለማይርቅ ገዲሴ ለምሳ ደወል ሲደወል ሮጣ ሄዳ ታጠባዋለች፤ እናቷ ጤናዬ ልጁን ታቅፈው በር ላይ ይጠብቋታል።

ያን ዕለት ደምሰው ማብሪያውን ሊጫን ሲል ተናግራ ነበር።

«ጓድ፣ ትንሽ ይቆዩ፤ ከጀርባው ያለችውን መቀያየሪያ ልያት። ማሽኑ የመጣው መቶ አሥር ቮልት ላይ ሆኖ ይሆናል፤ የኛ ኮረንቲ ሁለት መቶ ሃያ ነው።»

«ጓድ ገዲሴ» አለ ደምሰው፣ «ለሰፊው ሕዝብ የመጣን ማሽን የሚያበራው ሰፊው ሕዝብ ነው።» ይህን ብሎ ሰፊውን ሕዝብ ወክሎ ተጫነ።

በማግስቱ የውይይት ክበብ ተጠራና ጉዳዩ ተመረመረ። ደምሰው አንድ ሰዓት ተናገረ። ማሽኑ መቶ አሥር ላይ ሆኖ የመጣው በአጋጣሚ እንዳልሆነ፣ መቶ አሥር የኢምፔሪያሊስቶች ቮልት እንደሆነ፣ ሁለት መቶ ሃያ ግን የጭቁኖች ቮልት ስለሆነ በእጥፍ እንደሚበልጥ አስረዳ። ተሰብሳቢው አጨበጨበ። ገዲሴም አጨበጨበች፤ ማጨብጨብ የሚጎዳው መዳፍን ብቻ ነው።

ሰው ሲበተን ግን ደምሰው ወደ ጎን ጠራት።

«የክፍሉ ቁልፍ በማን እጅ ነው ያለው?»

«በኔ።»

«ለሠራተኞች ቀን ከበላይ አካል እንግዳ ይመጣል። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀምሯል ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ። በዕለቱ የኮከብ ሠራተኞችን የምስክር ወረቀት ሲያትም እንግዳው ማየት አለበት። ካላተመ አሻጥር ተሠርቷል ማለት ነው። አሻጥር ደግሞ ቁልፍ ከያዘ ሰው አያልፍም።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄ ነው። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ማስረጃ አይቀርብበትም፤ ስሙ ይጠራል፣ መኪና ይመጣል፣ ጎረቤት መስኮቱን ይዘጋል። ገዲሴ ፈራች። ወደ ቤቷ ስትሄድ የፈራችው ለራሷ እንኳ አልነበረም፤ ጡት ያልጣለ ልጅ እናቱን በስንት ቀን እንደሚረሳ እያሰበች ነበር።

በነጋታው የፋብሪካውን ኤሌክትሪሺያን አባይነህን ይዛ መጣችና ማሽኑን ከፈቱት። አባይነህ የማሽኑን ሆድ አየት አድርጎ ምላሱን ጠቅ ጠቅ አደረገ።

«ሌላው ሁሉ ደህና ነው። የተቃጠለው ፓወሩ ነው» አለ። ፓወር የሚለው ኮረንቲውን ከግድግዳ ተቀብሎ ለማሽኑ በልኩ የሚያካፍለውን የብረት ሣጥን ነው። «ይሄ ደግሞ መርካቶ አይገኝ። ከውጭ ይምጣ ቢባል ልጅሽ ሚስት አግብቶ ይደርሳል።»

ሁለቱም አንድ ላይ ወደ ጥግ ዞሩ። እዚያ ጥግ ላይ አሮጊቷ ተቀምጣለች። ከአዲሱ በፊት የነበረችው ኮምፒውተር ናት፤ ፊደል የሚታይባት መስኮቷ ከጠፋ ቆይቷል፣ አናቷ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ዣንጥላ ተጋድሟል። አባይነህ ገመዷን ሰካና ማብሪያዋን ተጫነ። ምንም ፊደል አላወጣችም፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ግን እንደ ጉንፋናም ሰው እያፈነ መዞር ጀመረ።

«ፓወሯ አልሞተም!» አለ አባይነህ። «አውጥተን ለአዲሱ እንገጥመዋለን።»

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ገብረ መድኅን። እሳቸው ግቢው ውስጥ ባለ ዕቃ ሁሉ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር የጻፉ ሰው ናቸው። ወንበሩ ቁጥር አለው፣ ባልዲው ቁጥር አለው፤ የግቢው ውሻም ያመለጠው ሮጦ ነው ይባላል።

«ጋሼ ገብረ መድኅን» አለች ገዲሴ፣ «ያቺ አሮጌ ኮምፒውተር ሞታለች፣ አይደል?»

«ማን አላት?»

«መስኮቷ አይበራም። ከሠራች ስንት ጊዜዋ።»

«አለመሥራት ሌላ፣ መሞት ሌላ። እዚህ ግቢ የማይሠራ ሁሉ ሞተ ከተባለ ማን ይተርፋል?»

«ሆዷ ውስጥ አንድ ደህና ነገር አለ። እሱን ፈትተን ለአዲሱ…»

«አይፈታም።»

አይፈታም ያሉት በክፋት አይደለም። ከዓመታት በፊት የአንድ አሮጌ ጋሪ ጎማ ተፈትቶ ለአዲስ ጋሪ እንዲገጠም ፈቅደው ነበር። የንብረት ቆጣሪዎች መጡና አሮጌውን ጋሪ ያለ ጎማ አገኙት። ጎማው እዚያው ፊታቸው በአዲሱ ጋሪ ላይ እየተሽከረከረ ቢያሳዩዋቸውም፣ «ያ የሌላ ቁጥር ጎማ ነው፤ የዚህኛው ቁጥር ጎማ የት አለ?» አሏቸው። እናም ሁለት ወር ታሰሩ። ከዚያ ወዲህ በግቢው ውስጥ ብሎን የሚፈታ ሰው ሲያዩ ልባቸው ይደነግጣል።

«ቁጥር ካለው ዕቃ ላይ አንድ ነገር የሚነሣው የማስወገጃ ኮሚቴው ሲወስን ነው» አሉ።

«ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?»

«አንዱ አባል ለትምህርት ሄዶ እዚያው ቀረ። ሌላው ተዛወረ። ሰብሳቢው ራሱ ከሥራ ተወገደ።»

ገዲሴ የሚስማር ከረጢት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለማሳዘን አልነበረም፤ እንባው ቀደማት። አቶ ገብረ መድኅን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ መነጽራቸውን ወልውለው መልሰው አጠለቁ፣ እንደገና አውልቀው ወለወሉ።

«ልጅሽን ማን ይዞታል?»

«እናቴ ናቸው።»

አቶ ገብረ መድኅን የገጠር ልጅ ናቸው፤ ሲጨነቁ ወደ ላም ወደ በሬው ይመለሳሉ።

«አንዲት ጥገት ላም አለችህ እንበል» አሉ በመጨረሻ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይለይ። «ላሚቱ ከበረቷ ሳትወጣ ወተቷ ለጎረቤት ልጅ ቢሄድ፣ ላሚቱ ተሸጠች ይባላል?»

«አይባልም» አለች ገዲሴ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«እንግዲያው ሣጥኗ ካለችበት ክፍል አትወጣም። ሆዷ ውስጥ ያለውም ከሆዷ አይወጣም። ቁጥሯም ካለበት አይነቃነቅም። ሽቦው ግን ወደ የትም ቢሄድ፣ እኔ ሽቦ አልቆጥርም፤ እሱ የሌላ ክፍል ነው።»

እናም እንዲህ ሆነ። ሰው ሁሉ የአሮጌውን ዕቃ አውጥቶ በአዲሱ ውስጥ ያስገባል፤ የሚስማር ፋብሪካው ግን አሮጌዋን ከነሕይወቷ፣ ከነቁጥሯ፣ ከአዲሱ ጀርባ አስቀመጣት። አባይነህ ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ አጣብቆ፣ ከአሮጊቷ ሆድ ሽቦዎቹን በጀርባዋ ክፍተት አውጥቶ፣ አስረዝሞ፣ ቋጥሮ፣ በአዲሱ ጀርባ አስገባቸው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ከፊት ለሚያየው አዲሱ ኮምፒውተር ያማረ ጎረምሳ ነው፤ ዞሮ ላየው ግን የሚኖረው በአሮጊት ጡት ነው።

ማብሪያው ሲጫን አሮጊቷ አጓርታ ተነሣች። አዲሱ መስኮት ላይ አረንጓዴ ፊደላት ተደረደሩ። አባይነህ ሳቀ። አቶ ገብረ መድኅን ቀና ብለው አማተቡና፣ «ሣራ በስተርጅናዋ አጠባች» አሉ። ገዲሴ ለምሳ ቤቷ ሄዳ ልጇን ስታጠባ ብቻዋን መሳቅ ጀመረች፤ ልጁ ጡቱን ትቶ ቀና ብሎ አያት።

በበዓሉ ዋዜማ ጓድ ደምሰው ክፍሉን ሊጎበኝ መጣ። አዲሱ መሥራቱን ሲያይ ፊቱ በራ። ወደ ኋላ ዞሮ አሮጊቷን ሲያይ ጠቆረ።

«ይህ ቆርቆሮ ምንድን ነው? ይውጣ።»

«ከወጣ አዲሱ ይጠፋል፣ ጓድ» አለች ገዲሴ፣ ሽቦዎቹን እያሳየች።

ደምሰው ሽቦዎቹን ለረጅም ጊዜ አያቸው። «ሪፖርቱ ላይ አዲሱ በራሱ ይሠራል ብያለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እንግዳው ይህን ማየት የለበትም። ይሸፈን።»

ከአዳራሹ መድረክ ላይ ወፍራም ቀይ ከፋይ አስወርዶ አሮጊቷን ከራስጌ እስከ ግርጌ አለበሳት። በላዩ ላይ ደግሞ ሠራተኛው በሹክሹክታ «ሦስቱ ፂማሞች» የሚላቸውን፣ በአንድ ክፈፍ ውስጥ የተሣሉትን የሶሻሊዝም አባቶች አቆመ። እንዲህ ከሆነ ማንም ሊገልጠው አይደፍርም።

«ጓድ፣ በዚህ በኩል ነው የምትተነፍሰው» አለ አባይነህ። «አየር ካጣች ትግላለች።»

«ለአንድ ሰዓት ትታገሥ። ሰፊው ሕዝብ ስንት ዘመን ታግሷል።»

ይህ ሲሆን አቶ ገብረ መድኅን በሩ ላይ ደረሱ። ቁጥሩ ተሸፍኖ ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ቁጥሩ ያልታየ ዕቃ የጠፋ ዕቃ ነው፤ የጋሪውን ነገር ደግሞ እሳቸው አልረሱትም። ደምሰው ቢቆጣም «ቆጣሪ ቢመጣ ጠፋ የሚባለው በርስዎ ትእዛዝ ነው» ሲሉት ለቀቃቸው። ቁጥሩን በወፍራም ወረቀት ላይ ጽፈው ከፋዩ ላይ በስፒል ሰኩት፤ ቦታ ስለጠፋ ያረፈው ልክ ከመካከለኛው ፂም ሥር ነው። የሶሻሊዝም አባቶች በዚህ ዓይነት ከወንበሩና ከባልዲው ቀጥሎ የፋብሪካው ንብረት ሆነው ተመዘገቡ።

በበዓሉ ቀን እንግዳው መጡ። ረጅም፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው፤ ከዚያ በፊት ሦስት ፋብሪካ ጎብኝተው፣ ሦስት ቦታ አጨብጭበው የመጡ ናቸው። ጠባቧ ቢሮ እስከ በሩ በሠራተኛ ተሞልታ ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ። ከዚያ እንግዳው ገዲሴ ያሳየቻቸውን ቁልፍ ተጫኑና ከአዲሱ ጋር የተያያዘው ማተሚያ ጭር፣ ጭር እያለ የመጀመሪያውን የምስክር ወረቀት የአበባ ሐረግ ማተም ጀመረ። ማተሚያው ቀስተኛ ነበር፤ ሐረጉ ብቻውን ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ባዶ ጊዜ ያየ ደምሰው ደግሞ ዝም አይልም። ከሰው ልጅ የጋርዮሽ ዘመን ጀምሮ መናገር ያዘ።

ባሪያ አሳዳሪው ሥርዓት ላይ ሲደርስ ገዲሴ ሽታው መጣባት። የጋለ አቧራ ሽታ ነው። ፊውዳሊዝም ላይ ሲደርስ የአሮጊቷ ማራገቢያ ድምፁ እየከበደ መጣ። ካፒታሊዝም በራሱ ቅራኔ ሊፈርስ ሲል ከመካከለኛው ፂም ጀርባ ቀጭን ጭስ ብቅ አለ።

ሰው ሁሉ አየው። ሥራ አስኪያጁ አይቶ ጣራውን መመልከት ጀመረ። አባይነህ አይቶ ገዲሴን አያት። አቶ ገብረ መድኅን ቁጥራቸውን ብቻ ነበር የሚያዩት። የፓርቲ ተጠሪ ሲናገር አይቋረጥም፤ ስለ ጭስ ለመናገርም አጀንዳ ማስያዝ ያስፈልጋል። ጭሱ ወፈር እያለ በክፈፉ ዙሪያ ወጣ።

ገዲሴ ዝም ብትል ፓወሩ ይቃጠላል፣ ማተሚያው ይቆማል፣ አሻጥረኛዋ ቁልፍ የያዘችው ናት። ብትገልጠው የደምሰው ሪፖርት ውሸት ይሆናል፤ አሻጥረኛዋም ያው እሷ ናት። በሁለቱም በኩል የሚመጣው መኪና አንድ ነው። እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ተነሣች።

ተራመደች። የሶሻሊዝም አባቶችን ከነክፈፋቸው አንሥታ፣ «ይያዙልኝ፣ ጓድ» ብላ ለደምሰው አስታቀፈችው። እጁ በንግግር ተዘርግቶ ስለነበር ሳያውቀው ተቀበላት። ከዚያ ከፋዩን ከነቁጥሩ ጎትታ ጣለችው። አሮጊቷ የታፈነ ጭሷን በአንድ ጊዜ ተፋችና ማራገቢያዋ ቀለል ብሎት ዞረ። አዲሱ አልጠፋም። ማተሚያው ጭር፣ ጭር ማለቱን ቀጠለ።

እንግዳው የተያያዙትን ሁለት ማሽኖች አዩ። «ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

ደምሰው ሥዕሉን እንደታቀፈ ላብ ላብ አለው። ዓይኑ ገዲሴ ላይ ዐረፈ።

«አሻጥር ነው፣ ጓድ» አለ።

ቃሉ ወጣ። ገዲሴ ከኋላዋ የነበሩት ሠራተኞች አንድ እርምጃ ሲያፈገፍጉ ሰማቻቸው፤ አልቀየመቻቸውም። ያን ጊዜ ዓይኗ ማተሚያው ላይ ወደቀ። ሐረጉ አልቋል። ኮምፒውተሩ ገና አማርኛ ስላልተማረ በላቲን ፊደል የአንደኛውን ኮከብ ሠራተኛ ስም መጻፍ ጀምሯል። ዝርዝሩን ያወጣው የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ነውና አንደኛው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም። የስሙ እኩሌታ ወረቀቱ ላይ ወጥቷል።

እጇን የአሮጊቷ ማብሪያ ላይ አኖረች።

«አሻጥር ከሆነ አሁኑኑ ላጥፋው፣ ጓድ?»

ደምሰው እጇን አየ። ከእጇ ወደ ወረቀቱ ዞረ። አንድ ፊደል ታተመ። እንግዳውም ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አዩና ቀና ብለው እሱን አዩት።

«ላጥፋው?»

«አታጥፊው» አለ ደምሰው። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«እንዴት ነው ነገሩ?» አሉ እንግዳው። «አሻጥር ነው፣ አይደለም?»

ደምሰው ያቀፋቸውን ሦስቱን ፂማሞች ቁልቁል ተመለከተ። ከነሱ አንዱ ሹክ ሳይለው አልቀረም፤ ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

«አሻጥር ያልኩት ሸፍኖ የያዘውን ጨርቅ ነው፣ ጓድ። ይህ ግን የተቃራኒዎች አንድነትና ትግል ነው። አሮጌው አዲሱን ይመግባል፣ አዲሱ አሮጌውን ይተካል። ወዛደሩ በራሱ አቅም የፈጠረው ነው። እኔ… እኛ የፈጠርነው።»

እንግዳው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉና አጨበጨቡ፤ ቤቱም አብሮ አጨበጨበ። ጸሐፊያቸውን ጠርተው፣ ይህ ተሞክሮ በሥራቸው ላሉት ፋብሪካዎች በሙሉ እንዲዳረስ አዘዙ። አዲስ ኮምፒውተር ያለው ፋብሪካ ሁሉ አሮጌ ፈልጎ ከጀርባው ይግጠም፤ አሮጌ የሌለው ይዋስ። «አዲሱ ብቻውን ደህና የሚሠራ ከሆነስ?» ብሎ የጠየቀ አልተገኘም። «ጓድ ደምሰውም ሐሳቡን ያፈለቀው እሱ ስለሆነ ከሰኞ ጀምሮ እየዞረ በገዛ እጁ ገጥሞ ያሳያል» አሉ እንግዳው፤ ወጡም።

የምሳ ደወል ተደወለ። ገዲሴ ነጠላዋን አንሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ደምሰው ተከተላት። ሥዕሉን አሁንም እንደታቀፈ ነው፤ መሬት እንዳያኖረው ያስፈራል፣ የሚያስረክበውም ሰው አላገኘም።

«ገዲሴ» አላት ዝቅ ብሎ። «እህቴ። ያ ሽቦ… የትኛው ነው ወደ የትኛው የሚገባው?»

«የቱ? የአሻጥሩ?» አለችው።

ሥዕሉን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ልጄ ርቦታል» አለችና ወጣች።

ከግቢው እንደወጣች ሳቋ መጣ። ትንሽ እንደሄደች ግን መንገድ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «አሻጥር» የምትለው ቃል ዛሬ የተመለሰችው በእውነት አልነበረም፣ በአባይነህ ሙያም አልነበረም፤ በአንድ ሰው ስም እኩሌታ ነው። የደምሰው ስም ሁለተኛው ወረቀት ላይ ቢሆን ኖሮ ማታ ሞልቱን ማን ያቅፈው እንደነበረ አሰበች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ቤቷ ሮጠች።